በትንሿ የገበያ ከተማ ሰው ሲገደል መርማሪው ከየት ይመጣል?

በቴሌቪዥን ድራማ ብቻ ያየነው ሰዎች የእንግሊዝ ገጠር ከዓለም አስፈሪው ቦታ ሊመስለን ይችላል። የሣር ክዳን ቤት፣ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን፣ አበባ የሚያጠጡ አሮጊቶች፣ ከዚያ በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ሬሳ። አንድ ዋና መርማሪ ከረዳቱ ጋር በመኪና ከች ይላል። ሻይ ይጋበዛል፣ ሐሜት ይሰማል፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ገዳዩን ያወጣል።

እውነቱ ከዚህ በጣም ይርቃል። በእንግሊዝና በዌልስ በቅርብ ዓመታት በዓመት ከ500 እስከ 600 ገደማ የግድያ ወንጀል ይመዘገባል። ወደ 100 የሚጠጋው ለንደን ውስጥ የሚፈጸም ነው። በአንድ የገጠር ከተማ ዓመታት አልፈው አንድም ላይሰማ ይችላል። ሲሰማም አብዛኛውን ጊዜ ምሥጢር የለውም። ሟቿ ሴት ከሆነች ገዳዩ ብዙ ጊዜ ባሏ ወይም የቀድሞ ፍቅረኛዋ ነው። መሣሪያውም በብዛት ቢላዋ ነው። መርዝ፣ ውርስ፣ የሁለት መቶ ዓመት የቤተሰብ ቂም የሚባለው ለድራማው ይቅር።

ጉዳዩን አሁን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የእንግሊዝ መንግሥት የፖሊሱን አደረጃጀት ከሥሩ ሊቀይር ተነሥቷል። ዛሬ እንግሊዝና ዌልስ የሚጠበቁት በየአካባቢው በተከፋፈሉ 43 የፖሊስ ተቋማት ነው። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ሻባና ማህሙድ በጃንዋሪ 2026 ባወጡት ሰነድ ይህ ቁጥር በእጅጉ እንዲቀንስ፣ ከላይም አንድ ብሔራዊ የፖሊስ አገልግሎት እንዲቋቋም አቅደዋል (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው)። በዕቅዱ መሠረት ተዋሕደው የሚቀሩት ትልልቅ ተቋማት እንደ ግድያ ያለውን ከባድ ምርመራ ይይዛሉ። የየከተማው ፖሊስ ደግሞ በሱቅ ሌብነቱና በሰፈር ረብሻው ላይ ያተኩራል።

ክርክሩ ወዲያው ጦፏል። አንዱ «ገጠሩ ሊረሳ ነው» ይላል። ሌላው «ትንንሾቹ ተቋማት ለዘመኑ ወንጀል አቅም የላቸውም» ይላል። እኔ ግን ሁለቱም ዋናውን ነገር የሳቱት ይመስለኛል። ያለፉትን አርባ ዓመታት ትልልቅ ጉዳዮች ገልብጦ ላየ፣ በትንሽ ከተማ ነገር የሚበላሸው አንዱ ጋ የታወቀው ነገር ሌላው ጋ ሳይደርስ ሲቀር ነው። የመርማሪው ብልህነት ብዙም ጥያቄ ውስጥ አይገባም። የተቋማቱ ብዛትም እንደሚወራው ወሳኝ አይደለም።

እስቲ መጀመሪያ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ እንይ።

የገበያ ከተማ የሚሏት በመካከለኛው ዘመን ከንጉሥ ፈቃድ አግኝታ ሳምንታዊ ገበያ የቆመባትን ነው። ዛሬ በአብዛኛው ከጥቂት ሺህ እስከ ሁለትና ሦስት አሥር ሺህ ሕዝብ ይኖርባታል። መሀል ላይ አደባባይ አለ፣ ዙሪያውን ፐብ (መጠጥ ቤት)፣ ፀጉር ቤት፣ ፋርማሲ። ገበያው በብዙዎቹ ዛሬም በቀኑ ይቆማል። የጠፋው የፖሊስ ጣቢያው ነው። ከ2010 ወዲህ በመላ አገሪቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጣቢያዎች ተዘግተዋል። ተሽጦ አፓርታማ የሆነም አለ።

እዚህ ከተማ ሬሳ ሲገኝ ቀድሞ የሚደርሰው መርማሪ ሳይሆን የደንብ ልብስ የለበሰ ተራ ፖሊስ ነው፣ ብዙ ጊዜም ገና ወጣት። ሥራው ሦስት ነገር ነው፦ የሚተርፍ ሰው ካለ ማትረፍ፣ ቦታውን ማጠር፣ ማን ገባ ማን ወጣ ብሎ በሰዓት መጻፍ። ብዙ ምርመራ ፍርድ ቤት ደርሶ የሚጣፍጠው ወይም የሚመረው በዚች ወረቀት ነው።

ከዚያ ዋናው መርማሪ ይሰየማል። ማዕረጉ ብዙ ጊዜ ዲቴክቲቭ ቺፍ ኢንስፔክተር ወይም ሱፐርኢንቴንደንት ነው። ድራማው ላይ በር የሚያንኳኳው፣ ተጠርጣሪ የሚያሯሩጠው እሱ ነው። በእውነቱ ዓለም ግን አብዛኛውን ቀን የሚያሳልፈው ስብሰባ ላይ ነው። አንድ ደብተር አለው፤ ያሳለፈውን ውሳኔ ሁሉ ከነምክንያቱ፣ ከነሰዓቱ ይጽፍበታል። «ይህን ቤት ዛሬ አልፈትሽም፣ ምክንያቱም…» ብሎ። ከሁለት ዓመት በኋላ የተከሳሽ ጠበቃ ያንን ገጽ ገልጦ ያፋጥጠዋል።

ከሥሩ ብዙ ሰው አለ። ኤግዚቢት ብቻ የሚመዘግብ አለ። ሲሲቲቪ ብቻ የሚያይ አለ። ከሟች ቤተሰብ ጋር የሚመደብ መኮንን አለ፤ ይህ ሰው ያጽናናል፣ ግን መርማሪም ነው፣ ቤተሰቡ የሚለውን ሁሉ ይመዘግባል። አስከሬኑን የሚመረምረው ሐኪም በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር የተመዘገበ ልዩ ባለሙያ ነው። በመላ አገሪቱ ቁጥራቸው ጥቂት ስለሆነ ከሩቅ ከተማ ነድቶ ሊመጣ ይችላል። ኮሮነር የሚባለው የሞት ምክንያት አጣሪ ሹምም አለ፤ ሹመቱ ከ1194 ጀምሮ ያለ ነው።

ሰው ከተያዘ ደግሞ ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል። በ1984 በወጣው ሕግ ፖሊስ አንድን ተጠርጣሪ ክስ ሳይመሠርት ማቆየት የሚችለው 24 ሰዓት ነው። ለከባድ ወንጀል በሱፐርኢንቴንደንት ፈቃድ 36 ይሆናል። ከዚያ በላይ ዳኛ ፊት ቀርቦ ማስፈቀድ ግድ ነው፣ ጣሪያውም 96 ሰዓት ነው። አራት ቀን ማለት ነው። ስለዚህ ብልህ መርማሪ ሰው ለመያዝ አይቸኩልም።

የመረጃው ልብ ኮምፒውተር ነው። ስሙ ሆልምስ ይባላል፤ አዎ፣ ከልቦለዱ መርማሪ ከሼርሎክ ሆልምስ ጋር የተመሳሰለው ሆን ተብሎ ነው። ታሪኩ አሳዛኝ ነው። ፒተር ሰትክሊፍ የተባለው ሰው ከ1975 እስከ 1980 ባለው ጊዜ በሰሜን እንግሊዝ 13 ሴቶችን ገደለ። ፖሊስ በዚያ ጊዜ ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ አነጋግሮታል! መረጃው ሁሉ በካርድ ተጽፎ በሳጥን ተደርድሮ ነበር። ወረቀቱ ከመብዛቱ የተነሣ የክፍሉ ወለል እንዳይደረመስ ድጋፍ አስፈልጎት ነበር ይባላል። አንዱን ካርድ ከሌላው የሚያገናኝ ግን አልተገኘም። ሰውየው በ1981 የተያዘው መኪናው ላይ የሐሰት ታርጋ ስለለጠፈ በሁለት የደንብ ልብስ ፖሊሶች ነው። ሆልምስ የመጣው ከዚህ ውርደት በኋላ፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። እያንዳንዱ የጥቆማ ስልክ፣ እያንዳንዱ ቃል፣ እያንዳንዱ መኪና እዚያ ይገባል። ከዚያ የሥራ ትእዛዝ ይወጣል፦ ይህን ሰው ፈልግ፣ አነጋግር፣ ንጹሕ ከሆነ ከዝርዝር ሰርዝ።

ሳይንሱ ያልጨረሰው ነገር

ከሌስተር ከተማ ወጣ ብላ ናርቦሮ የምትባል መንደር አለች። በኖቬምበር 1983 አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ተደፍራ ተገደለች። በጁላይ 1986 አጠገቧ ባለችው ኤንደርቢ ሌላ የ15 ዓመት ልጅ በተመሳሳይ መንገድ ተገደለች። ፖሊስ አንድ የ17 ዓመት ልጅ ያዘ። የመማር ችግር ያለበት ልጅ ነበር። ሁለተኛዋን መግደሉን አመነ፣ የመጀመሪያዋን ግን አልነካሁም አለ።

ከመንደሮቹ ብዙም በማይርቀው የሌስተር ዩኒቨርሲቲ አሌክ ጄፍሪስ የሚባል ተመራማሪ በ1984 የዲኤንኤ አሻራን አግኝቶ ነበር። ፖሊስ ልጁ ሁለቱንም እንደገደለ እርግጠኛ ስለነበር፣ ይህን እንዲያረጋግጥለት ናሙናውን ይዞ ሄደ። መልሱ ሌላ ሆነ። ሁለቱንም የገደለው አንድ ሰው ነው፣ ያ ሰው ግን ይህ ልጅ አይደለም። ልጁ አምኖ ቃሉን ከሰጠ በኋላ ነጻ ወጣ። ዲኤንኤ በግድያ ምርመራ መጀመሪያ የሠራው ሥራ ንጹሕ ሰው ማዳን ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም።

በ1987 መጀመሪያ ፖሊስ በአካባቢው ያሉ ወንዶችን ሁሉ ናሙና ስጡ አለ። ከ5,000 በላይ ሰው ሰጠ። ወራት አለፉ። የሚገጥም ግን ጠፋ።

ነገሩ የፈነዳው ፐብ ውስጥ ነው። አንድ የዳቦ ቤት ሠራተኛ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር እየጠጣ ሳለ፣ በባልደረባችን በኮሊን ፒችፎርክ ፋንታ ደም የሰጠሁት እኔ ነኝ ብሎ አወራ። ፒችፎርክ የራሱ ፓስፖርት ላይ የዚህን ሰው ፎቶ ለጥፎ ነበር የላከው። ከሰሙት አንዷ ነገሩ አላስችል አላት፣ ከሳምንታት በኋላ ለፖሊስ ነገረች። ሴፕቴምበር 1987 ፒችፎርክ ተያዘ፣ በጃንዋሪ 1988 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። በ2021 በአመክሮ ወጥቶ ሦስት ወር ሳይሞላ ተመልሶ ገብቷል።

የዓለም ምርጥ ሳይንስ በእጁ የነበረ ፖሊስ፣ መጨረሻ ላይ የረዳው መጠጥ ቤት የተሰማ ወሬ ነው። ያ ወሬ ፖሊስ ጋ ለመድረስ ደግሞ ሳምንታት ፈጅቶበታል።

ሶሃም

ከሁሉም በላይ የሚያመኝ ግን የሶሃም ጉዳይ ነው።

ሶሃም በካምብሪጅሸር፣ ኢሊ ከምትባለው ከተማ አጠገብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ኦገስት 4 ቀን 2002፣ እሑድ። ሁለት የ10 ዓመት ሕፃናት፣ ሁለቱም የማንቸስተር ዩናይትድ ማሊያ ለብሰው፣ ከቤት ወጡ። አልተመለሱም። ከተማው በሙሉ ወጥቶ ፈለገ። የማሊያው ፎቶ በአንድ ሌሊት ዓለምን ዞረ።

ከፈላጊዎቹ መካከል የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ጠባቂ ኢያን ሀንትሊ ይገኝበታል። ለቴሌቪዥን ቃለ ምልልስ ሰጥቷል። ምናልባት ለመጨረሻ ጊዜ ያነጋገርኳቸው እኔ ሳልሆን አልቀርም ብሎ ሁሉ ተናግሯል። ፍቅረኛው ደግሞ የሕፃናቱ ክፍል ረዳት መምህርት ነበረች። ያን ዕለት ቤት አብረን ነበርን ብላ ሸፈነችለት። ኋላ የፍርድ ሂደት በማዛባት ሦስት ዓመት ከስድስት ወር ተፈርዶባታል።

ምርመራው ሲታይ የእጅ ሥራ ነው። የአንዷ ሕፃን ሞባይል ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ ጠፍቷል። ሲጠፋ የተገናኘው ቡርዌል ከሚባል መንደር ምሰሶ ጋር ነው። ባለሙያ መሣሪያ ይዞ ሕፃናቱ ሄዱበት የተባለውን መንገድ በእግሩ ተጓዘ። ያን ምሰሶ የሚይዘው ቦታ የሀንትሊ ቤት አካባቢ ሆኖ ተገኘ። አስከሬናቸው በኦገስት 17 በሰፎክ፣ ሌከንሂዝ አየር ኃይል ሰፈር አቅራቢያ ጉድጓድ ውስጥ ሲገኝ የዕፅዋት ባለሙያ ተጠራች። ባለሙያዋ የተረገጠውን ሳማ አየች። ግንዱ ከተሰበረ በኋላ ከጎኑ አዲስ ቅርንጫፍ አብቅሏል። የቅርንጫፉን ርዝመት አይታ ሰው መቼ ገደማ እንዳለፈበት ተናገረች፤ ሁለት ሳምንት ገደማ አለች። ሀንትሊ በበኩሉ ከግድያው ማግስት የመኪናውን አራቱንም ጎማ አስቀይሯል። ለጋራዡ ሠራተኛም የተሳሳተ ታርጋ እንዲጽፍለት 10 ፓውንድ ሰጥቷል። ዲሴምበር 2003 ጥፋተኛ ተባለ። ከ40 ዓመት በፊት እንዳይወጣም ተወሰነ።

ይህ ሁሉ የሚደነቅ ሥራ ነው። ግን ፍርዱ እንደተሰማ ሌላ ጉድ ወጣ።

ሀንትሊ ወደ ሶሃም ከመምጣቱ በፊት በግሪምዝቢ አካባቢ ይኖር ነበር። ያ አካባቢ በሃምበርሳይድ ፖሊስ ሥር ነው። ከ1995 እስከ 1999 ባሉት ዓመታት አስገድዶ መድፈርንና ለአቅመ ሔዋን ካልደረሱ ልጃገረዶች ጋር ግንኙነት ማድረግን የሚመለከቱ ተደጋጋሚ ውንጀላዎች ቀርበውበት ነበር። አንዱም ጥፋተኛ አላስባለውም። እያንዳንዱን የያዘው ሌላ መኮንን ነው፤ አንድ ላይ አስቀምጦ ያየ የለም። መዝገቡም አልተያዘም ወይም ተሰርዟል። ሃምበርሳይድ ፖሊስ መጀመሪያ የግል መረጃ ጥበቃ ሕጉ ነው ያሰረኝ አለ። ያ ምክንያት ግን ውኃ አላነሳም።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ካምብሪጅሸር ፖሊስ አለ። ሀንትሊ ትምህርት ቤቱ ጋ ሲያመለክት «ኒክሰን» በሚል ስም ነበር፤ የቀድሞ ስሙን ግን ቅጹ ላይ ጠቅሶታል። መንግሥት ያቋቋመው በሰር ማይክል ቢቻርድ የሚመራ አጣሪ በ2004 እንዳለው፣ የተመረመረው ኒክሰን የሚለው ስም ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ትምህርት ቤቱም የቀድሞ አሠሪዎቹን በቅጡ ሳይጠይቅ ቀጠረው።

አስቡት። ወላጅ ልጁን የሚያምንበት ግቢ ቁልፍ የተሰጠው ለዚህ ሰው ነው። ስለ እሱ የሚያውቅ ፖሊስ ነበር፣ ያውም አንድ አይደለም። ሃምበርሳይድና ካምብሪጅሸር የሁለት አገር ያህል ተራርቀው ነው ጉዳዩ በመሀላቸው የወደቀው።

ቢቻርድ 31 ምክረ ሐሳብ አቀረበ። አገር አቀፍ የፖሊስ መረጃ ቋት የመጣው ከዚያ ነው፤ ሥራ የጀመረው ግን በ2011 ነው። ሰባት ዓመት! ዛሬ በእንግሊዝ ትምህርት ቤት ወይም የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሥራ የሚያመለክት ሁሉ የሚያልፍበት የወንጀል መዝገብ ምርመራም በዚሁ ጉዳይ ሰበብ ጠብቋል። እዚያ አገር በእንክብካቤ ሥራ የተሰማሩ ወገኖቻችን «ዲቢኤስህ ደረሰ ወይ?» እየተባሉ ሳምንታት የሚጠብቁት ወረቀት ይኸው ነው።

ውህደቱ ምን ይለውጣል?

ወደ አሁኑ ክርክር ልመለስ። ለግድያ ምርመራ ከሆነ መዋሃድ ከተጀመረ ቆይቷል። ቤድፎርድሸር፣ ካምብሪጅሸርና ሃርትፎርድሸር የጋራ የከባድ ወንጀል ክፍል አላቸው። ኖርፎክና ሰፎክም እንዲሁ። በምሥራቅ ሚድላንድስ ያሉ አምስት ተቋማት በጋራ ይሠራሉ። ስለዚህ «መርማሪው ከሩቅ ሊመጣብን ነው» የሚለው ስጋት ጊዜው አልፎበታል። ከመጣ ቆየ። ለትንሽ ተቋም ከዓመት እስከ ዓመት ሥራ ፈትቶ የሚጠብቅ የግድያ ቡድን ማስቀመጥ አይቻልም። ገንዘቡም አይፈቅድም፤ ያልታሰበ ጉዳይ ከዓመታዊ በጀቱ አንድ በመቶ በላይ ሲያስወጣው ለመንግሥት ልዩ ድጎማ ማመልከት የሚችለው ለዚህ ነው። ሳልዝበሪ ላይ በ2018 ሩስያዊው የቀድሞ ሰላይ ሲመረዝ የዊልትሸር ፖሊስ በሚሊዮን የሚቆጠር ፓውንድ የጠየቀው በዚሁ መንገድ ነው።

የማያስደስተው ሌላኛው ጫፍ ነው። ከ2010 በኋላ በነበረው የበጀት ቅነሳ 20,000 ገደማ ፖሊስ ቀነሰ። ከ2019 ጀምሮ ተተካ ተባለ፣ ቁጥሩ ተተክቷል። ልምዱ ግን በቅጥር አይመጣም። የፖሊስ ተቋማቱን የሚመረምረው አካል በ2017 የመርማሪ እጥረቱን ብሔራዊ ቀውስ ብሎታል። መርማሪ መሆን ፈተና አለው፣ የሥራ ጫናው ከባድ ነው፣ ብዙ ወጣት ፖሊስ ደግሞ በፈረቃው መሥራቱን ይመርጣል። በየሰፈሩ በእግራቸው የሚዞሩት፣ ሰዉን በስም የሚያውቁት የማኅበረሰብ ድጋፍ ሰጪዎች ቁጥርም ከ2010 ወዲህ በግማሽ ገደማ ወርዷል። የፐቡን ወሬ የሚሰማው እንግዲህ ማን ነው?

ስኮትላንድ መንገዱን ቀድማ ሞክራዋለች። በአፕሪል 2013 ስምንት የፖሊስ ተቋማትን አንድ አደረገች። ግድያ ላይ ውጤቱ ጥሩ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተፈጸመው ግድያ ከሞላ ጎደል ሁሉም ተደርሶበታል። ልዩ ቡድኑ የትም መንደር ይሄዳል፣ አቅሙ እኩል ነው። ግን በጁላይ 2015 አንድ ሰው ከመንገድ የወጣች መኪና አይቶ ደወለ። ስልኩን ያነሳው ፖሊስ ኮምፒውተሩ ውስጥ አላስገባውም። መኪናዋ ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ፖሊስ ቦታው የደረሰው ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሌላ ሰው ደውሎ ነው። ሾፌሩ ሞቷል፤ በሕይወት የተገኘችውም ከቀናት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ አረፈች። ፖሊስ ስኮትላንድ በ2021 ጥፋቱን አምኖ 100,000 ፓውንድ ተቀጣ። ያኔ የየአካባቢው የስልክ ማዕከላት እየተዘጉ ሥራው ወደ ጥቂት ቦታ እየተጠቀለለ ነበር።

እንግሊዝ ውስጥ ያለው ችግር ደግሞ ሌላ መልክ አለው። 43ቱ ተቋማት የዕለት መዝገባቸውን የሚይዙት በአንድ ዓይነት ሶፍትዌር አይደለም። አንዱ ኒች የሚባለውን ይጠቀማል፣ ሌላው ኮኔክትን። ተቋማት ሲዋሃዱ እነዚህ መዝገቦች ወደ አንድ ይገለበጣሉ፤ ሲገለበጡ የሚደገም ስም፣ የሚጠፋ አድራሻ፣ ከማን ጋር እንደተያያዘ የማይታወቅ የድሮ ውንጀላ ይኖራል። ሚኒስትሮች ስለ ቁጥር ሲከራከሩ እኔ የምጠይቀው ይህንን ነው። የሃምበርሳይዱን ዓይነት መዝገብ ወደ አዲሱ ኮምፒውተር የሚያስገባው ማን ነው? ለስንት ዓመት ወደ ኋላ? ያልተረጋገጡት ውንጀላዎችስ አብረው ይገባሉ ወይስ «ጊዜው ያለፈበት» ተብለው ይሰረዛሉ?